«ዲመሬጅ እየቆጠረ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደሴ ፒያሳ ወይም ሸዋ በር ከውጭ ዕቃ ከሚያስመጣ ነጋዴ ጋር የተቀመጠ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይነሳም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ደግሞ ሹፌሩም፣ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽመው ትራንዚተሩም፣ ጫኝና አውራጁም አፍ ላይ አለ። «ሐጂ፣ ወረቀቱ ዛሬ ካላለቀ ከነገ ጀምሮ ዲመሬጅ ይቆጥርብዎታል» ይላል ወጣቱ ትራንዚተር በስልክ። «ምነው ልጄ፣ ዕቃው የገባው ገና ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ?» ይላሉ እሳቸው።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ኮንቴይነር ነው። ቀን የሚቆጥሩት ግን ከተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው የዲመሬጅ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

ቃሉን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ትርጉሙ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ቅጣት ይመስለዋል። ሌላው የመጋዘን ኪራይ ነው ይላል። ከጉምሩክ ቀረጥ ጋር የሚደባልቀውም ብዙ ነው። ቃሉ ከየት እንደመጣ ስናይ የክፍያውም ጠባይ አብሮ ይገለጣል። ስለዚህ ከቃሉ እንነሳ።

## በአጭሩ ምንድን ነው?

ዲመሬጅ ማለት የሌላ ሰው መርከብ፣ የባቡር ፉርጎ ወይም ኮንቴይነር በውል ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ተይዞ ሲቆይ ለባለንብረቱ የሚከፈል ገንዘብ ነው።

አንድ አይሱዙ ከሸዋ በር ኮምቦልቻ ዕቃ እንዲያደርስላችሁ ተነጋገራችሁ እንበል። ዋጋው የተቆረጠው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ አራግፎ፣ በዚያው ቀን እንዲመለስ ታስቦ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው የለም። መኪናው እዚያው አደረ። ጠዋት ሹፌሩ «ላደርኩበት ጨምሩልኝ» ቢል ማንም አይገረምበትም። በዚያች ሌሊት ሌላ ጭነት መያዝ ይችል ነበር። የጠየቀው ያመለጠውን ሥራ ዋጋ ነው። አይሱዙውን በመርከብ ለውጡት፤ ዲመሬጅ ያ ነው።

ስለዚህ ክፍያው የሚታሰበው ዕቃው ስንት ብር ያወጣል ተብሎ አይደለም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ጨርቅ ይኑር ማሽን፣ መታሰቢያው የዘገየው ቀን ነው።

## ቃሉ ከየት መጣ?

ሥሩ ላቲን ነው። በላቲን «ሞራ» መዘግየት፣ መቆየት ማለት ነው። (እኛ ከምናውቀው የበግ ሞራ ጋር በድምፅ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።) ከእሱ «ሞራሪ» የሚል ግሥ ወጣ፤ ቆየ፣ ዘገየ፣ አዘገየ ማለት ነው። «ዴ» የሚል ቅጥያ ከፊቱ ሲገባ «ዴሞራሪ» ሆነ።

የሮማ ሕግ ሞራን በደንብ ተጠቅሞበታል። ባለዕዳ በቀጠሮው ቀን ሳይከፍል ሲቀር «ሞራ ውስጥ ገባ» ይባል ነበር። የሚገርመው አበዳሪም ሞራ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ነው። ባለዕዳው ገንዘቡን ይዞ መጥቶ አበዳሪው ያለ ምክንያት አልቀበልም ካለ፣ ዘገየ የሚባለው አበዳሪው ነው። ይህን ያዙት፤ ክርክሩ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ዴሞራሪ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገር መቆየት፣ መኖር የሚል ግሥ ሆነ። ዛሬም ፈረንሳዮች መኖሪያ ቤትን «ደሜር» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። መዘግየትን የሚመለከተው የሕግ ትርጉምም አልጠፋም። «ሚዝ አን ደሜር» የሚሉት አነጋገር አለ፤ ሌላውን ወገን «ዘግይተሃል፣ ግዴታህን ፈጽም» ብሎ በይፋ ማስጠንቀቅ ነው። ይህ ሐሳብ እኛም አገር ገብቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋና አርቃቂ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ያረቀቁትም በፈረንሳይኛ ነው። አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። ደሴ ፍርድ ቤት ስለ ማስጠንቀቂያ የሚከራከር ጠበቃ ሳያውቀው ከሞራ ጋር እየሠራ ነው።

ቃሉን እንግሊዝ ያስገቡት ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1362 ችሎት በእንግሊዝኛ ይካሄድ የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ ራሱ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ነበር! ያን ያህል ሥር ሰድዶ ነበር። በዚህ መንገድ የገባው «ዲመር» የሚል ግሥ መጀመሪያ መቆየት ማለት ነበር። በኋላ ማመንታት ሆነ። ከዚያ ደግሞ መቃወም። አካሄዱ አይከብድም፤ አንድ ነገር ሲቀርብለት የሚቆይ ሰው እያመነታ ነው፣ የሚያመነታ ሰው ደግሞ ሳይቃወም አይቀርም። እኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ «ዲመረር» የሚባል አቤቱታም ከዚሁ ወጥቷል። «ያልከው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ በሕግ የምትጠይቀኝ የለህም፤ ጉዳዩ እዚህ ይቁም» የሚል ነው።

የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤጅ» ደግሞ የራሷ ሥራ አላት። እሷም ከፈረንሳይኛ የመጣች ናት። አንድን ድርጊት ወደ ስም ትለውጣለች፤ ብዙ ጊዜም ወደ ክፍያ። ማከማቸት ስቶሬጅ ሆነ፣ የፖስታ መላኪያው ፖስቴጅ ሆነ። መኪና የምናስጠግንበት ጋራዥ መጨረሻው ላይ ያለችውም እሷው ናት። መቆየት ላይ ስትቀጠል ዲመሬጅ ሆነች፦ የመቆየት ዋጋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕረኞችና ነጋዴዎች በዚህ ትርጉም ይጠቀሙበት ነበር።

ዘመዶቹንም እናውቃቸዋለን። የዕዳ ክፍያ ለጊዜው ሲታገድ የሚባለው ሞራቶሪየም የሞራ ልጅ ነው። ሬሞራ የሚባል ዓሣም አለ። ጭንቅላቱ ላይ ባለው መጣበቂያ ትልልቅ ዓሣዎችና መርከቦች ሥር ይለጠፋል። ሮማውያን ይህ ዓሣ መርከብን አንቆ ያስቆማል ብለው ያምኑ ነበር፤ ስሙን አዘግዪ ያሉት ለዚህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት አክቲየም ላይ በተደረገው የባሕር ጦርነት የማርክ አንቶኒን መርከብ ያስቆመው ይህ ዓሣ ነው ብለው የጻፉም ነበሩ። ሞራና መርከብ የተገናኙት ዲመሬጅ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት ነው ማለት ነው።

## ሌሎች ምን ይሉታል?

ጀርመኖች የመተኛ ገንዘብ የሚል ትርጉም ያለው ቃል አላቸው፤ መርከቡ ወደብ ላይ ተኝቷልና። ስፔኖች ዴሞራ ይላሉ። ቃሉን ለእንግሊዝ የሰጡት ፈረንሳዮች ራሳቸው ለመርከቡ ክፍያ ሌላ ቃል ነው የሚጠቀሙት። እኛ የእንግሊዝኛውን እንዳለ ወስደን ዲመሬጅ አልን። ይህ ክፋት የለውም፤ ገበያው ተቀብሎታል።

ቃሉ ከባሕር ወጥቶም ተጉዟል። ባቡር ሲመጣ ሳይራገፍ የሚቆም ፉርጎ ዲመሬጅ ይከፈልበት ጀመር። የኦክስጂንና የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር ሳይመለስ ሲቆይም በዚሁ ስም የሚያስከፍሉ አገሮች አሉ። ገንዘብ ላይ ሳይቀር ተሞክሯል። ሲልቪዮ ጌዜል የሚባል ጀርመናዊ፣ ገንዘብ ሳይሠራበት ተቆልፎ ሲቀመጥ ክፍያ ይጣልበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1932 ቮርግል የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ሞከረችው። ከተማዋ ያሳተመችው ኖት በየወሩ የ1 በመቶ ቴምብር ካልተለጠፈበት ዋጋው አይጸናም ነበር። ሰው ገንዘቡን ማስቀመጥ ትቶ ሥራ ላይ አዋለው። በማግስቱ ዓመት ግን የኦስትሪያ ማዕከላዊ ባንክ አስቆመው። የኢኮኖሚ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ዛሬም ባለ ዲመሬጅ ገንዘብ ይሉታል።

## መርከብ ላይ እንዴት ይታሰባል?

መጀመሪያ የነበረው ስምምነት በሁለት ሰዎች መካከል ነው፦ በመርከቡ ባለቤትና ሙሉ መርከብ በተከራየ ነጋዴ። ውሉ ላይ ለመጫኛና ለማራገፊያ የሚሆን ነጻ ጊዜ ይጻፋል። መርከቡ ሲደርስ ካፒቴኑ «ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ ይሰጣል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ ማስታወቂያ ተነስቶ ነው።

እዚህ ላይ ዝርዝሩ ገንዘብ ነው። ዝናብ የጣለበት ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እሑድስ? የበዓል ቀንስ? በሙስሊም አገሮች ወደቦች ዓርብ አይቆጠርም የሚሉ ውሎች የተለመዱ ናቸው። ፋሲካንም አረፋንም አብሮ የሚያከብር የወሎ ነጋዴ የዚህ ጥያቄ ክብደት አይጠፋውም።

ነጋዴው ከነጻ ጊዜው ቀድሞ ከጨረሰ ውሉ ላይ ካለ ባለመርከቡ ለእሱ ይከፍለዋል፤ ልማዱ የዲመሬጁን ግማሽ ነው። ካለፈ ግን ዲመሬጅ ይጀምራል። በእንግሊዝ የባሕር ሕግ አንድ የታወቀ ደንብ አለ፦ አንድ ጊዜ ዲመሬጅ ውስጥ ከገባህ እስክትጨርስ ዲመሬጅ ውስጥ ነህ። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ነጻ ጊዜውን ያቆሙት የነበሩት እሑድ፣ በዓልና ዝናብ ከዚያ በኋላ አያድኑም። ሁሉም ቀን ይቆጠራል።

ቅጣት ነው የሚለው ሐሳብ ስህተት የሚሆነውም እዚህ ነው። ሁለቱ ወገኖች የአንድ ቀን መዘግየት ስንት እንደሚያወጣ አስቀድመው ተስማምተዋል። ባለመርከቡ ስንት እንደከሰረ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ነጋዴውም ከተስማሙበት በላይ አይጠየቅም። ለሁለቱም ገደብ ነው።

## ታዲያ ተራ ነጋዴ ጋ እንዴት ደረሰ?

በኮንቴይነር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከአሜሪካ ኒዋርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። ሐሳቡ ማልኮም ማክሊን የሚባል የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት ነበር። ከዚያ በፊት ዕቃ በሠራተኛ ትከሻ ከረጢት በከረጢት ነበር የሚወጣውና የሚወርደው።

ኮንቴይነር ሲመጣ ሙሉ መርከብ መከራየት የማይችል ሰው አንድ ሳጥን ዕቃ ማስመጣት ቻለ። ሳጥኑ ግን የሱ አይደለም። የማጓጓዣ ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱም ሳጥኑን በየጊዜው እየጫነ ነው የሚያተርፈው። ስለዚህ በባለመርከብና በትልልቅ ነጋዴዎች መካከል ብቻ የነበረው ክፍያ ደሴ ላይ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰው ደብተር ውስጥ ገባ። ልዩነቱ፣ ትልቁ ነጋዴ ውሉን ተደራድሮ ነበር የሚፈርመው። ትንሹ ነጋዴ ግን ደንቡ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው የሚደርሰው። ይህ ነገር ቀላል አይመስለኝም። ያላነበቡት ደንብ በየቀኑ ገንዘብ ይወስዳል።

## ዲመሬጅ፣ ዲቴንሽንና ስቶሬጅ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን በንግግር ሁሉም ዲመሬጅ ይባላሉ።

በኮንቴይነር ንግድ ዲመሬጅ የሚባለው ሙሉው ኮንቴይነር ወደቡ ግቢ ውስጥ ከነጻ ጊዜው በላይ ሲቆይ ነው። ዲቴንሽን ደግሞ ኮንቴይነሩ ከግቢ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሁለቱም ስለ ሳጥኑ የሚከፈሉ ናቸው። ስቶሬጅ ግን ስለ ቦታው ነው፤ ግቢው ውስጥ ለያዘው መሬት ወደቡ የሚያስከፍለው። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር በአንድ ቀን ስቶሬጅም ዲመሬጅም ሊቆጥር ይችላል። አንዱን ከፍሎ ጨረስኩ ያለ ሰው ሌላ ደረሰኝ ሲመጣበት ሁለቴ ተጠየቅሁ ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

## ባሕር የለንም፤ ዲመሬጅ ግን ለምን በረታብን?

ኮምቦልቻ ከወደብ ጋር ያላት ግንኙነት የቆየ ነው። ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባ መቀሌ መንገድ ጋር የሚገጥመው ኮምቦልቻ ላይ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የባሕር በር አልባ ሆነች። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብም ተዘጋ። ዕቃው በጅቡቲ ሆነ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው መኪና በጋላፊ ገብቶ ሚሌን ይዞ በባቲ ይወጣል።

ርቀቱ ራሱ ቀን ይበላል። ከዚያ በላይ ግን የሰነዱ ጉዞ አለ። ዕቃው በባሕር እየመጣ ሳለ ወረቀቱ በባንክ በኩል ነው የሚመጣው። ኤልሲው (ባንኩ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ላይ አንዲት ፊደል ከኢንቮይሱ (ከሻጩ የዋጋ ሰነድ) ጋር ካልገጠመች ሰነዱ እስኪስተካከል ይቆያል። ዕቃው ቀድሞ ደርሶ ወረቀቱን ይጠብቃል። ቀጥሎ የጉምሩክ ፍተሻ አለ። ቀጥሎ ለቀረጡ የሚሆን ብር ማግኘት። ከዚያ መኪና መፈለግ። እያንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ተደምሮ ግን ነጻውን ጊዜ ይጨርሰዋል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ የመጣው መልቲሞዳል የሚባለው አሠራር ይህን ለማቅለል ነበር። በዚህ አሠራር አንድ አጓጓዥ ዕቃውን ከውጭ ወደብ ተረክቦ፣ በጅቡቲ አሳልፎ፣ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ ሰነድ ያመጣል። ዩኒሞዳል ከሆነ ግን ጅቡቲ ላይ የሚሆነውን ሁሉ አስመጪው በወኪሉ በኩል ራሱ ይከታተላል። ከዲመሬጅ አንጻር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የአስመጪው ሰዓት የሚጀምርበትን ቦታ ይለውጠዋል።

ሌላው ምንዛሬው ነው። የመርከብ ድርጅቶች ታሪፋቸውን የሚያወጡት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ታሪፉ በዶላር ሳይነካ የአንዱ ቀን ክፍያ በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ታሪፉ ብዙ ጊዜ በደረጃ ነው የሚያድገው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀላሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ይጨምራሉ። ለማሳያ ያህል፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በቀን 10 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በቀን 20 ዶላር ቢሆን፣ 10 ቀን የዘገየ ሰው 100 ሳይሆን 150 ዶላር ይከፍላል።

## መከራከር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን በቀን ነው እንጂ በልመና አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የባሕር ትራንስፖርት ሕግ ጥሩ ማሳያ ነው። በኮሮና ጊዜ ወደቦች ሲጨናነቁ ዲመሬጅና ዲቴንሽን አስመጪውን አስመርሮ ነበር። ሕጉ የክፍያ መጠየቂያው ላይ መጻፍ ያለባቸውን ነገሮች ዘረዘረ፦ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ ኮንቴይነሩ ለመረከብ ዝግጁ የሆነበት ቀን፣ ነጻው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ታሪፉ። እነዚህ ከጎደሉ ከፋዩ የመክፈል ግዴታ የለበትም አለ።

ሕጉ እኛን አያስገድድም። ጥያቄዎቹ ግን ለማንም ይሠራሉ። ሐጂ ከትራንዚተራቸው ጋር ሲነጋገሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ነጻው ጊዜ መቆጠር የጀመረው ከየትኛው ቀን ነው? መርከቡ ጅቡቲ ከደረሰበት፣ ዕቃው ከተራገፈበት ወይስ ኮምቦልቻ ከገባበት? ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ ወደ እኛ ሲመለስ አንድ ቀን እንዳይሳሳት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የኮንቴይነር ነጻ ቀናት እሑድንና በዓልንም ይጨምራሉ፤ ስለዚህ «አረፋ ነበር» ማለት አያዋጣም።

የሮማውያኑ ሞራ የሚጠቅመውም እዚህ ነው። መዘግየቱ የማን ነው? አስመጪው ወረቀቱን ጨርሶ፣ ከፍሎ፣ መኪና ይዞ ቀርቦ ኮንቴይነሩ ከተደረደሩት ሥር ስለሆነ አልወጣም ከተባለ፣ ወይም ባዶውን ሊመልስ ሄዶ ቦታ የለም ተብሎ ከተመለሰ፣ ያ ቀን በእሱ ላይ መቆጠር የለበትም ብሎ ለመከራከር ጠንካራ ምክንያት አለው። ይህ የሚሠራው ግን ማስረጃ ካለ ነው። የቀረበበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም፣ የተላከ ኢሜይል ወይም በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ይያዝ። በቃል የተባለ አይቆጠርም።

ባዶው ሲመለስ የሚሰጠው ደረሰኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ሰዓቱ የሚቆመው ኮንቴይነሩ ከመጋዘናችሁ በወጣበት ቀን ሳይሆን ይህ ወረቀት በተቆረጠበት ቀን ነው። ሹፌሩ ወደ ደሴ ከመመለሱ በፊት ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት፤ ዋናውንም ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አኑሩት።